ምንሽር ሲከሽፍ፦ አዳማ ላይ ማን ጋ ይሠራል፣ በምንስ ይጸዳል?

ከአያት የወረደ፣ ፈቃድ ያለው ማውዘር ወይም ምንሽር ቤታቸው ያለ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ቃታውን ስስበው ቀጭ ብሎ ይቀራል። አዳማ ማን ጋ ላሠራው?» እኔ ደግሞ ከሠሪው በፊት የከሸፈውን ጥይት አይታችሁታል ወይ እላለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከሸፈ ብላችሁ ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙ ሰውም ከብትም በሌለበት አቅጣጫ እንዳለ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አሮጌ ጥይት ዘግይቶ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ።

ከዚያ የቀለሁን ቂጥ ተመልከቱ። መሃል ላይ ያለችው ክብ ካፕሱል በደንብ ከተሰረጎደች መሣሪያው የድርሻውን ተወጥቷል፤ የበሰበሰው ጥይቱ ነው። ጫር ብቻ አድርጓት ካለፈ ግን ጣጣው ከመሣሪያው ነው። ይህን ሳያዩ ሞላውን፣ ማለትም ካፕሱሏን የሚመታውን መርፌ የሚገፋውን ጥቅልል ሽቦ፣ አስቀይረው፣ በዚያው ጥይት ተመልሰው የሚናደዱ ሞልተዋል። የጥይቱን ዓይነትም በባለሙያ አረጋግጡ። የቤልጅጉ ማውዘር 7.92 ሚሊሜትር ነው፣ የጣሊያኑ ካርካኖ ደግሞ በብዛት 6.5። ሰው ሁለቱንም ምንሽር እያለ ስለሚጠራ መደናገር አለ።

ችግሩ የመሣሪያው ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቆሻሻን ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች መጋዘን ሲገቡ እንዳይዝጉ በወፍራም ግራሶ ይለቀለቁ ነበር። ያ ግራሶ ዘመን ሲያልፍበት መዝጊያው ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። መዝጊያው ያልኩት እያቀባበልን ወደፊትና ወደኋላ የምንገፋውን ብረት ነው። ካፕሱሏን የሚመታው መርፌ የሚሮጠው እሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሞላው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ምቱ ይደክማል። የአዳማ ነፋስና አቧራ ሲጨመርበትማ አስቡት።

ለማጽጃ ላምባን የሚያክል የለም። ርካሽ ነው፣ የደረቀ ግራሶ ያላቅቃል፣ እንደ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ እሳት አይጋብዝም። እሳት ካለበት ቦታ ራቅ ብላችሁ ግን ሥሩ። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ቆርቆሮ ዝገት ለማላቀቅ ጥሩ ነው። ቅባት ይሆነኛል ብላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ብዙ አይቆይም። ለመጨረሻው ቅባት የኔ ምርጫ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። ቀጭን ነው፣ አያጣብቅም። መርፌው ላይ ጠብ አድርጎ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ አቧራውን ይሰበስባል። የምግብ ዘይትና ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ ከርሞ ያው ሙጫ ነው የሚሆነው።

የማውዘርን መዝጊያ ያለ መፍቻ መፍታት ይቻላል። ሞላውን ከመርፌው ስትለዩ ግን ተጠንቀቁ፣ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። እጃችሁ ካልለመደ ባለሙያ ይፍታው።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ። ከተማው ውስጥ ቶርኖ ቤት አይታጣም፣ የብዙዎቹ ልጆች እጅም ወርቅ ነው። የውኃ ፓምፕ ዘንግ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እሰጣቸዋለሁ። ጠመንጃ ሌላ ነገር ነው። ሞላው ሲደክም ስበው ያረዝሙታል፤ ትንሽ ሰንብቶ ይተኛል። ወይም ከኋላው ሮንዴላ ይጨምራሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ መርፌውን በሞረድ ማሾል ነው። የሾለ ወይም ከልክ በላይ የወጣ መርፌ ካፕሱሏን ይበሳታል፣ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ከተራ ብረት የተቀረጸ መርፌም ጫፉ ቶሎ ይደፈጠጣል።

ገጠር ያሉ አሮጌ መሣሪያ ወልዋዮች ከቶርኖ ቤት ይሻላሉ። መሣሪያውን ያውቁታል፣ ከሌላ ጠመንጃ የወጣ ዋናውን ሞላ የሚያገኙም አይጠፉም። መለኪያ ግን ብዙዎቹ የላቸውም። መዝጊያውና በርሜሉ መሃል ያለው ክፍተት ከሰፋ ጥይቱ ወደፊት ስለሚሸሽ ምቱ ይላላል፤ ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። እሱ ከተጠረጠረ ጭራሽ አትተኩሱ።

ስለዚህ ድምፄን የምሰጠው ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ነው፣ ወረፋውና ዋጋው ቢያስመርርም። ለነገሩ ምርጫም የለንም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መያዙም መጠገኑም ፈቃድ ይጠይቃል። ጠመንጃውን ከቤት ከማውጣታችሁ በፊት አቅራቢያችሁ ያለውን ፖሊስ ጠይቁ፤ ማን ለመጠገን እንደተፈቀደለትም እዚያው ይነግሯችኋል። ስትሄዱ የፈቃድ ወረቀቱን ያዙ፣ ጥይቱን ቤት ተዉ፣ የከሸፈውን ቀለህ ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ለጠጋኙ አሳዩት። ፎቶውን አይቶ ምንም የማይጠይቅ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።