ታቡን ወደ ስፔስ ስቀይረው የፎርትራኑ ውጤት ተለወጠ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጀማን ተፋሰስ ጎርፍ የሚያሰላ በድሮው የፕሮግራም ቋንቋ በፎርትራን 77 የተጻፈ ኮድ አለ። ቋሚ ፎርማት ነው (እያንዳንዱ ፊደል በመስመሩ ላይ ያለበት ቦታ ትርጉም አለው)፤ መስመሮቹ በታብ ይጀምራሉ። በጂፎርትራን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይር ኮምፓይለር) ያለ ችግር ይሠራ ነበር። ለጽዳት ብዬ «ኤክስፓንድ» (expand) በሚባለው መሣሪያ ታቡን ሁሉ ወደ ስፔስ ቀየርኩት። አሁን አንዱ ፋይል «ሊመደብ ያልቻለ ትእዛዝ» የሚል ስህተት ያወጣል። ሌላው ኮምፓይል ይሆናል፣ የሚሰጠው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ከስፔስ በቀር የነካሁት የለም።

መንዜው፦
ስፔሱ ነዋ! ከ1 እስከ 5 ያለው ዓምድ (የፊደል ቦታ) ለመለያ ቁጥር፣ 6ኛው ለቅጥያ ምልክት (መስመሩ የበላዩ ቀጣይ ነው ለማለት)፣ ትእዛዙ ከ7 እስከ 72 ነው። ከ73 ወዲያ አይነበብም (ከባለ 80 ዓምዱ ካርድ የቀረ ልማድ ነው)። ታብ በስታንዳርዱ ውስጥ ስለሌለ ኮምፓይለሮች እንደየልማዳቸው ያነቡታል። ጂፎርትራን በመጀመሪያዎቹ 6 ዓምዶች ታብ ሲያገኝ በቀጥታ 7ኛው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ታብ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። ኤክስፓንድ ግን ካልነገሩት በየ8ቱ ነው የሚሄደው፣ ትእዛዝህ 9ኛው ላይ ጀመረ ማለት ነው። 72 ላይ ያልቅ የነበረ መስመር 74 ደረሰ፤ ሁለት ፊደል ከጫፉ ወደቀ። መጨረሻው 1250 ከነበረ ኮምፓይለሩ የሚያየው 12 ነው። 12ም ደህና ቁጥር ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። «ደብሊው ኦል» (-Wall) የሚለውን የኮምፓይለሩን አማራጭ ብታበራ መስመሩ መቆረጡን ያስጠነቅቅህ ነበር።

አንኮበሬ፦
ስህተት ያወጣው ፋይል ግን ሌላ ጣጣ ነው ያለበት። ዴክ (DEC) ከሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ኮምፓይለሮች የመጣ ልማድ አለ፦ ከመነሻው ታብ ቀጥሎ ከ1 እስከ 9 ያለ አሃዝ ከመጣ መስመሩ የበላዩ ቅጥያ ነው፤ አሃዙ 6ኛ ዓምድ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ጂፎርትራንም ይቀበለዋል። ኤክስፓንድ አሃዙን 9ኛው ላይ ሲያስቀምጠው ቅጥያነቱ ቀረና በቁጥር የሚጀምር ትእዛዝ ሆነ።

ወደ መጀመሪያው ፋይል ተመለስ። በቅድሚያ ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካው በ«ሴድ» (sed)፣ በመስመር መነሻ ታብና አሃዝ ያለበትን ሁሉ አምስት ስፔስና ያንኑ አሃዝ አድርገው። ቀጥለህ ለኤክስፓንድ በ«ቲ» (-t) አማራጩ የታብ ማረፊያዎችን ዝርዝር 6,7 ብለህ ስጠው (ከዜሮ ስለሚቆጥር 6 ማለት 7ኛው ዓምድ ነው)። የመጀመሪያው ታብ 7ኛው ዓምድ ላይ ያርፋል፣ ከዝርዝሩ ያለፈው ሁሉ አንድ አንድ ስፔስ ይሆናል፤ ልክ ጂፎርትራን እንደሚቆጥረው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ቅጥያዎቹ ይጠፉብሃል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የመስመሩን ርዝመት ወደ 132 ከፍ ባደርገውስ? አይቀልም?

መንዜው፦
ከ73 እስከ 80 የካርድ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ፋይል ካለ ያ ቁጥር ከኮዱ ጋር ይቀላቀላል፤ እኔ አልመክርም። ደግሞ በጥቅስ ውስጥ ያለ ታብ ካለ ቀድመህ ፈልገው፤ ኤክስፓንድ እሱንም ወደ ስፔስ ስለሚለውጠው ዓምዶቹ በታብ የተለዩበት የውጤት ሰንጠረዥህ ይበላሻል።