የሴን ሦስት ወታደሮችና የፔስት ደብዳቤዎች፦ ለዓመቱ ፕሮግራም የጋራ ሐሳብ እናውጣ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ወገኖች። ለቼዝ ማኅበራችን ሥራ አመራር የምናቀርበው ሐሳብ እዚሁ ተጨምቆ ቢወጣ ይሻላል። በስብሰባው የተነሳው ስም ዮዤፍ ሴን ነው። ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። ሴን በ1805 እ.ኤ.አ. ፔስት ተወለደ። ፔስት ያኔ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ከቡዳ ጋር ተጠቃልላ ቡዳፔስት የሆነችው በ1873 ነው። እንጀራው የከተማዋ የመዝገብ ቤት ሥራ ነበር። በቼዝ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ የቼዝ ሊቅ ስም “የሃንጋሪው ፊሊዶር” እስከመባል ደርሷል። በ1839 ፔስት ውስጥ የቼዝ ክበብ አቋቋመ። በ1857 አረፈ። እኔ ያሰብኩት የግማሽ ቀን ገለጻ ነው። ሕይወቱ፣ ጨዋታዎቹ፣ ከዚያ ጥያቄና መልስ። ምን ትላላችሁ?

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦
እህቴ፣ ርዕሱን ወድጄዋለሁ። ገለጻው ላይ ግን አልስማማም። ልጆቹ ለግማሽ ቀን ቁጭ ብለው የሰው ታሪክ አይሰሙም። ደግሞም ሴን የተወልን ነገር ቦርድ ላይ የሚቀመጥ ነው። በስሙ የሚጠራውን የቼዝ ጨዋታ ማብቂያ አቀማመጥ አስቡት። ሁለት ንጉሥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ወታደር። የነጩ ሦስቱ በአንድ ዳር ተያይዘው ቆመዋል፣ የጥቁሩም በሌላው ዳር። ሌላ ምንም የለም። ሲያዩት አቻ የሚወጣ ይመስላል። ግን ቀድሞ የተጫወተው ያሸንፋል።

ልጅ መጀመሪያ ሲያየው ወታደሮቹን ያስሮጣል። እዚያ ላይ ነው የሚበላው። የባላጋራ ንጉሥ ከፊታቸው በትክክል ቦታ ከያዘ፣ ሦስት ወታደር ብቻቸውን አያልፉም። ስለዚህ ቶሎ መንቀሳቀስ ያለበት የራሱ ንጉሥ ነው፤ የባላጋራን ወታደሮች ሊያግት ይሄዳል። ከዚያ ሁለቱም ወገን ተፋጥጦ ይቆማል፣ ተራው የደረሰበት ሰው ሳይፈልግ የራሱን ምሽግ ያፈርሳል። ማን ስንት የሚያባክነው እንቅስቃሴ ቀረው? ጨዋታው ያ ነው። ሴን ይህን በ1830ዎቹ መርምሮ፣ በፓሪስ የነበሩትን ጠንካራ ተጫዋቾች ሳይቀር አስቸግሮበታል። አንድ ልጅ ይህን በእጁ ከፈታው፣ ስለ ሴን ከየትኛውም ገለጻ የበለጠ ገባው ማለት ነው።

አባል፣ ከስቶክሆልም፦
ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ለእኔ ከሦስቱ ወታደሮች የሚበልጠው የፔስትና የፓሪስ የደብዳቤ ግጥሚያ ነው። ከ1842 እስከ 1846 ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫወቱ። እስቲ አስቡት፣ ለሁለት ጨዋታ ያን ሁሉ ጊዜ! ፔስት ሁለቱንም አሸነፈች። ፓሪስ በዚያን ዘመን የቼዝ መናኸሪያ ነበረች፤ ፔስትን ከቁም ነገር የሚቆጥራት አልነበረም። ከሴን ጋር ዮሃን ሎቨንታልና ቪንሰንት ግሪም ነበሩ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ተመካክረው ነው የሚልኩት። በጥቁር በኩል ሦስተኛው እንቅስቃሴያቸው ላይ ቢሾፑን በጸጥታ ከንጉሡ ፊት አስቀመጡት። ያ አጀማመር እስከ ዛሬ የሃንጋሪ መከላከያ ይባላል።

እኛም ተበታትነን ነው ያለነው። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ እዚህና አሜሪካ። አገር ቤት ያሉት በአንድ ወገን፣ ውጭ ያለነው በሌላው ሆነን ለምን እንደዚያው አንጫወትም? ሁለት ጨዋታ፣ በቴሌግራም፣ በምክክር። ለሴን የሚገባው መታሰቢያ ይሄ ይመስለኛል።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦
ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከድሮዎቹ ሃንጋሪዎች ከሆነ የምንመርጠው፣ ሩዶልፍ ቻሩሴክ አይሻልም? በ1896 ኑረምበርግ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ላስከርን አሸነፈ። በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ ከሩሲያዊው ተጫዋች ቺጎሪን ጋር አንደኝነቱን ተጋራ። በ1897 የበርሊኑን ውድድር ወሰደ። በ1900 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 26 ዓመቱ ነበር። ልጆቹን የሚይዝ ታሪክ ከተባለ ከዚህ በላይ የለም።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦
ወንድሜ፣ የቻሩሴክ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ራሱን የቻለ ቀን ይገባዋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝልኝ። ግን የእሱ ውርስ የአንድ ባለተሰጥኦ ሰው ውርስ ነው፤ ቁጭ ብለን እናደንቀዋለን። የሴን ግን ሌሎች አብረው የሚሠሩት ነገር ነው። ክበብ ተከለ፣ በቡድን ተጫወተ፣ የሚፈታ ጥያቄ ተወልን። ማኅበር ለሆንን ሰዎች የሚጠቅመን እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም ከሴን ጋር ነኝ። ወጪውም ቀላል ነው። ቦርዶቹ አሉን፣ አዳራሹም በነጻ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ። ስልኩ ላይ ምርጡን እንቅስቃሴ የሚያሰላ የቼዝ ፕሮግራም የጫነ አንድ ሰው ቢኖር ግጥሚያው ትርጉም ያጣል። ለዚህ ምን እናድርግ?

አባል፣ ከስቶክሆልም፦
ልክ ነዎት። እኔ የማስበው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን እንቅስቃሴውን ሲልክ ምክንያቱን በጥቂት መስመር ይጻፍ። “ይህን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ያንን የጣልነው በዚህ ነው” ብሎ። ማስታወሻው በጸሐፊዋ እጅ ይቆይና ጨዋታው ሲያልቅ ለሁሉም ይከፈት። ኮምፒውተር የነገረውን ሰው እንደዚያ ማስረዳት ያቅተዋል። ማስታወሻው ደግሞ ለልጆቹ ጥሩ መማሪያ ይወጣዋል።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦
ጎበዝ። ጊዜውን ላስላው። ለአንድ እንቅስቃሴ 3 ቀን ብንሰጥና ጨዋታው 40 እንቅስቃሴ ቢሄድ፣ ከሁለቱም ወገን 240 ቀን ይሆናል። ስምንት ወር ገደማ ነው። ሁለቱ ጨዋታ ጎን ለጎን ይሂድ። ከዓመቱ ፕሮግራም ጋር ይገጥማል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ገለጻዬን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ፦ የ1851 የለንደን ውድድር። ከዓለም አቀፍ ውድድሮች የመጀመሪያው ነው፣ 16 ሰው በጥሎ ማለፍ። ሴን በሁለተኛው ዙር በጀርመናዊው ተጫዋች በአንደርሰን 4 ለ 2 ተሸነፈ። አንደርሰን ውድድሩን ወሰደው፣ ሴን አምስተኛ ወጣ። ሁለቱ ግን አስቀድመው ተስማምተው ነበር፤ ማናቸውም ቢያሸንፍ ከሽልማቱ ሲሶውን ለሌላው ሊሰጥ። እዚያው ለንደን ላይ ሎቨንታልም ነበር። የ1848ና 49 የሃንጋሪ አብዮት ሲከሽፍ አገሩን ጥሎ ተሰዷል። በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ግሪምም በዚያው ሰበብ ተሰዶ ቱርክ ገብቷል። ፓሪስን ያሸነፈው ቡድን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደዚህ ተበተነ። ይህን ልጆቹ ሳይሰሙ ወደ ቦርድ ባይገቡ ደስ ይለኛል። ሃያ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦
ሃያ ደቂቃውን ይውሰዱ፣ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ለሥራ አመራሩ የሚሄደው ጽሑፍ ይህ ነው፦

“ማኅበሩ የዮዤፍ ሴንን ውርስ በጨዋታ እንዲያስብ እንጠይቃለን። በመክፈቻው ቀን ከአጭር ገለጻ በኋላ ታዳጊዎች የሴንን የሦስት ወታደር ጥያቄ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይፈታሉ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ሁለቱም በየተራ ቀድመው ይጀምራሉ። በዚያው ቀን በአገር ቤትና በውጭ አባላት መካከል የሁለት ጨዋታ የምክክር ግጥሚያ ይከፈታል። ለአንድ እንቅስቃሴ 3 ቀን ይሰጣል። ኮምፒውተር አይፈቀድም፣ ምክንያት በጽሑፍ ይያያዛል። በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት ታዳጊዎች ይኖራሉ።”

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። የሚቃወም ካለ ይናገር። አጀማመሩስ ነጻ ይሁን ወይስ በሃንጋሪ መከላከያ እንጀምር?

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦
ታዳጊዎቹ መግባታቸውን አጥብቄ እደግፋለሁ። አንዱ ጨዋታ በሃንጋሪ መከላከያ ይጀመር፣ ሁለተኛው ነጻ ይሁን።

አባል፣ ከስቶክሆልም፦
እስማማለሁ። በመከላከያው የሚጀመረውን እኛ በጥቁር እንያዝ። የውጭ ቡድኑን ስም ዝርዝር እስከ እሑድ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
የአዳራሹን ቀን ሰኞ አረጋግጣለሁ። ጽሑፉ ላይ የእኔንም ስም አስገቡ።