ለዋይፋይ ካርዴ የትኛውን ከርነል ልጫን?

የኮፒ ቤቷ፦ ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች? ከዚራ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ለዴስክቶፑ ከታይዋን የዋይፋይ ካርድ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሪልቴክ 8852ቢኢ ይባላል። ኡቡንቱ 22.04 ግን ጭራሽ አያየውም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 5.15 ነው። ከተጫነ ጀምሮ አፕዴት ተደርጎ አያውቅም፤ ኢንተርኔት ከየት መጥቶ! አንድ ልጅ አዲስ ከርነል ጫኚ አለኝ። የትኛውን? የደንበኞቼ ፋይልስ አይጠፋም?

ጀጎል፦ ልጁ ልክ ነው። የዚህ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከርነል ውስጥ የገባው በ6.2 ነው። ከሁሉ አዲሱን አውርደሽ ጫኚና ተገላገይ።

ሳቢያን፦ አቦ ተው! እንጀራ የምትበላበት ማሽን እኮ ነው። እንዲያ የሚወርደው ከርነል በኡቡንቱ አልተፈረመም፤ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ፊርማ የሚያጣራው መከላከያ) በርቶ ከሆነ አይነሳም። የደህንነት አፕዴትም በራሱ አይመጣለትም። እህቴ፣ ኡቡንቱ ራሱ ለ22.04 ያዘጋጀው 6.8 ይበቃሻል። ስልክሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለማሽኑ የሚያካፍለውን) አብሪ። ጥቂት መቶ ሜጋ ስለሚበላ ፓኬጅ ግዢ። መጀመሪያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሱዶ አፕት አፕዴት በዪ። ከዚያ በሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04 የሚለውን ጫኚ። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። ሊኑክስ-ፈርምዌርንም (ካርዱ ራሱ ላይ የሚጫነውን ሶፍትዌር) አብረሽ አድሺው፤ ያለሱ ድራይቨሩ ብቻውን ካርዱን አያስነሳም። ፋይሎችሽን አይነካም። ለማንኛውም ፍላሽ ላይ ገልብጫቸው።

የመጋላው አባባ፦ ልጄ፣ መብራት እንዳይቀድምሽ። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። ደግነቱ 5.15 እዚያው ይቆያል። አዲሱ እምቢ ካለ፣ ማሽኑ ሲነሳ ኢስኬፕን ነካ አድርጊ፤ አሮጌ ማሽን ከሆነ ሺፍትን ተጭነሽ ያዢ። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተሽ የድሮውን ምረጪ።

የኮፒ ቤቷ፦ አባባ፣ ነቢይ ኖት እንዴ? ግማሽ ላይ መብራቱ እልም! ሲመጣ እንዳሉኝ በ5.15 አስነሳሁት። አፕትን እንደገና ሳዘው ሥራው ተቋርጧል ብሎ፣ የምጽፈውን ትዕዛዝ ራሱ ነገረኝ። ዲፒኬጂ ምናምን የሚል። ገልብጬ ጻፍኩት፣ የቀረውን ጨረሰ። ከዚያ ማሽኑን እንደገና አስነሳሁት። አሁን ዩኔም ሰረዝ አር (የከርነሉን ቁጥር የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ስል 6.8 ይለኛል። ዋይፋዩም የሰፈሩን ሁሉ ይዘረዝራል። 5.15ን ላጥፋው?

ሳቢያን፦ ኧረ ተይው! በመብራት ቀን ማን አወጣሽ?