እምነታችንን አጥብቀን የያዝነው ሞትን ፈርተን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። ሰው ባህሉንና እምነቱን የሙጥኝ የሚለው፣ ሳይታወቀው ሞትን ስለሚፈራ ነው? ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1973 በሰፊው ያነሳው አሜሪካዊው የባህል አንትሮፖሎጂ ምሁር ኧርነስት ቤከር ነው፤ በ1980ዎቹ ሦስት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ለሙከራ አቀረቡት። «እኔ ባልፍ እንኳ የኔ የምለው ነገር ይቀራል» ማለት ፍርሃትን ያስታግሳል ነው ነገሩ። ስድብ ክልክል ነው።

የማታ አንባቢ፦ እደግፋለሁ። በ1989 የታተመውን የዳኞች ሙከራ እዩት። 22 የአሪዞና ዳኞች በሴተኛ አዳሪነት ለተከሰሰች ሴት የዋስትና ገንዘብ እንዲወስኑ የፈጠራ መዝገብ ተሰጣቸው። ግማሾቹ አስቀድመው ስለ ራሳቸው ሞት ጥቂት መስመር እንዲጽፉ ተደረጉ። ያልጻፉት በአማካይ 50 ዶላር ሲሉ የጻፉት 455 ዶላር አሉ! መዝገቡ ያው፣ ሕጉ ያው፤ ሞትን ያሰቡት ግን የባህላቸውን ሥነ ምግባር ጣሰች በተባለችው ላይ ጠነከሩ።

ጠርጣራው፦ ወንድሜ፣ 22 ሰው ይዘህ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ትናገራለህ? በኋላ 21 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በላይ ሰው አሳትፈው ከቀደምቶቹ ሙከራዎች አንዱን ደገሙት፤ ውጤቱ አልተገኘም።

የማታ አንባቢ፦ እናሳትፋለን ብለው አስቀድመው ያስመዘገቡት የሰው ቁጥር በየቦታው አልተሟላም ተብሎ መተቸቱንም ጨምርበት እንጂ።

ዝምተኛዋ፦ እኔን የገረመኝ የመስቀሉ ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ ምስማር ምቱ ተባሉ፤ በእጃቸው ያለው መዶሻ የሚሆን ነገር መስቀል ብቻ። አሸዋ የሚያጠሩበትም ጨርቅ የአገራቸው ባንዲራ። ሞትን አስቀድመው እንዲያስቡ የተደረጉት ብዙ ቆዩ፣ ተጨነቁም። ይቺን ከቁጥሩ በላይ አምናታለሁ፤ እጄ ሲያመነታ ይታየኛል።

ጠርጣራው፦ አባቴ ሲሞት እኔ ከእምነቴ ራቅሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጥሁም። ይህንስ የት ትከቱታላችሁ?

የማታ አንባቢ፦ ያ ፊት ለፊት ያየኸው ሞት ነው። ምሁራኑ የሚሉት ሌላ ነው፦ ሰውየው ስለ ሞት ከጻፈ በኋላ በሌላ ሥራ ይጠመዳል፤ ሐሳቡ ከአእምሮው ፊት ዘወር ሲል ነው ወገንተኝነቱ የሚበረታው።

ጠርጣራው፦ ያመነውም ፈርቶ፣ የራቀውም ፈርቶ። ታዲያ ይህ ሐሳብ መቼ ነው የሚረታው?

የማታ አንባቢ፦ ስለ ሞት የጻፈውና ስለ ጥርስ ሕመም ወይም ስለ ቴሌቪዥን የጻፈው አንድ ዓይነት ፍርድ ከሰጡ፣ ያኔ ተረታ።

ጠርጣራው፦ 21ዱስ ምን አሉህ?