ሞተሬ ስትሞቅ ማርሽ አልገባ እያለ አስቸገረኝ

150 ሲሲ የህንድ ሞተር ነው ያለኝ፣ 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለች ማርሿ ቅቤ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ከነዳኋት በኋላ ግን ከ1 ወደ 2 በግድ ነው የሚገባው፣ መብራት ላይ ቆሜ ኒውትራል ማግኘትማ አይታሰብም፣ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ሙሉ ጨብጬ ራሱ ወደፊት ትስበኛለች። ሳጠፋት ደግሞ ኒውትራል በእጅ እንኳን ይገባል! ዘይት ቀየርኩ (20ደብልዩ50፣ የሞተር እንጂ የመኪና አይደለም)፣ የፍሪሲዮን ኬብሉን አውጥቼ ቀባሁት፣ እጀታው ላይ የነበረውን ልልነት ወደ 3 ሚሊ ሜትር አጠበብኩት፣ ሁለት ቀን ተሻላት ከዛ ያው ሆነች። የሰፈር መካኒክ ሳይነዳት "ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ" አለኝ፣ እኔ ግን ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይመስለኝም። ቤት ያለኝ ቁልፍና ቡሶላ ብቻ ነው። ካምቢዮውን ሳልነካ የፍሪሲዮኑን ክዳን ብከፍተው፣ ውስጡ ያሉት የብረት ዲስኮች መጣመማቸውን በምን ልለየው?