የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ፦ ገጽ 2 ላይ ያለው «ወታደር» ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸውና። ዓላማው የታወቀ ነው፦ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመረ በወሩ አንገቱ ሲያብጥ «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለውን ሰው ማዳን። ማስገቢያው ሐሙስ ነው። የአምናው እንዳይደገም።

ሲስተር፦ ገጽ 2ን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳንባን የሚቦረቡረው በአብዛኛው ሰውነት በቲቢ ላይ የሚያነሣው ቁጣ ነው። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው የመከላከያ ሕዋስ፣ ሲዲ ፎር፣ ሲያልቅ ቁጣውም ይጠፋል፤ አክታው በማይክሮስኮፕ ንጹሕ ይመስላል፣ ተህዋሱ ግን ከሳንባ አልፎ ይሰራጫል። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው፣ ክንድ ላይ በመርፌ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥም «አለበት» የምንለው ለዚህ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እነዚህን ወታደሮች ሲመልስ የተደበቀውን ጠላት አግኝተው በገዛ ቤታቸው ይተኩሳሉ። እብጠቱ ያ ነው።

ጡረተኛው፦ ወታደር በገዛ ቤቱ ተኮሰ የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም። 17 ዓመት የደንብ ልብስ ለብሻለሁ።

ምክትል ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ምሳሌ እኮ ነው።

ጡረተኛው፦ እንግዲያው «ዘበኛ» በሉት።

የቀጠና 3 ተወካይ፦ እኔ ዘበኛ ነኝ። ተኝቶ ሌባ ያስገባው እኔ ልሁን?

ጡረተኛው፦ የነካው ይናገራል።

የቀጠና 3 ተወካይ፦ መዋጮዬን መልሱልኝ!

የሥጋ ደዌ ማኅበር ተወካይ፦ ኤች አይ ቪ ሲመጣ ሥጋ ደዌም እንደ ቲቢ ይባባሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልሆነም። የእኛ ጣጣ የሚመጣው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ቆዳው ላይ ያለው የገረጣ ምልክት ቀይ ይሆናል፣ የክርን ነርቭ ያብጣል፣ ሰውየው ስኒ መያዝ ያቅተዋል። ቁጣውን የሚያበርደውን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ በጊዜ ካላገኘ ጣቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ረቂቁ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር የለም፤ እናንተ ስለ ዘበኛ ትጣላላችሁ።

ሲስተር፦ ረቂቄን መልሱልኝ። ሥዕሉን እስላለሁ ያለውስ የት ገባ?

ጡረተኛው፦ ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። የእኔም አንገት አብጦ መድኃኒቱን ሦስት ቀን ጥዬው ነበር። ጠላቴ ቃሉ ብቻ ነው።

የወጣቶች ክፍል፦ «ንብ» ብንልስ? መንጋው ሲያንስ ቀፎው ይዳከማል፤ መልሶ ሲበዛ ይናደፋል።

ጡረተኛው፦ እስማማለሁ።

የቀጠና 3 ተወካይ፦ እኔም።

ገንዘብ ያዥ፦ ንብ ካነሣችሁ፣ ሁለት ዓመት የተቀመጠው የቀፎ ዕቅድ እኔ ዘንድ አለ። ለጋሹ ገቢ ማስገኛ ይወዳል። ትምህርቱን ከሥሩ እናስገባዋለን።

ምክትል ሰብሳቢ፦ ግሩም! ማሩን ማን ይሸጣል?

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው፦ 20 ዘመናዊ ቀፎ፣ 6 የመከላከያ ልብስ፣ 2 ማጨሻ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና። ሽፋኑ ላይ የማን ማኅተም ይቅደም?

ሲስተር፦ ስለ እብጠቱ የጻፍኩትስ?

ጸሐፊ፦ አባሪ 4።

የሥጋ ደዌ ማኅበር ተወካይ፦ አባሪው አልተያያዘም።

ጡረተኛው፦ የቀፎው ጥበቃ በጀት ተይዞለታል?

የቀጠና 3 ተወካይ፦ በደመወዝ ከሆነ እኔ አለሁ።