ጋቦን ግንድ ከለከለች፣ ካሜሩን ቀረጠች፤ የቷ ተጠቀመች?

ጠያቂው፦ ትናንት ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ መላክ ይከልከል አይከልከል ብለን ስንነታረክ አንዱ «ጋቦንን እዩ» ብሎ አለፈ። እንያት እንግዲህ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጋቦን በ2010 ያልተሰነጠቀ ግንድ ከአገር እንዳይወጣ በአንዴ ዘጋች። ጎረቤቷ ካሜሩን በ1994 የደን ሕጓ ከ1999 ጀምሮ እዘጋለሁ ብላ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን የተወሰኑ ዝርያዎችን ብቻ ከልክላ ሌላውን በቀረጥ ማሳለፍ ያዘች። የቱ ያዋጣል?

ሚዛኑ፦ የጋቦን ነዋ! ኦኩሜ የሚባለው ዛፏ ድሮ ግንዱ እንዳለ መርከብ ላይ ይጫን ነበር። ዛሬ ከሊብረቪል ወጣ ብሎ ንኮክ የሚባል የኢንዱስትሪ ዞን አላት፤ መላጫው፣ መሰንጠቂያው እዚያ ነው። ግንዱን እንዳለ ሸጦ ማትረፍ የሚችል ነጋዴ ለፋብሪካ ምን አስጨነቀው?

እንጨት ቤት፦ ወንድሜ፣ እኔ አናጺ ነኝ። ኦኩሜን ስሙን ሳላውቀው ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ከቻይና የሚመጣው ኮምፔንሳቶ ፊቱ ሮዝ መሰል ከሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ልጣጭ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ከበዛበት ከሥሩ ያለው ነጭ እንጨት ብቅ ይልና ደንበኛ ፊት ያሳፍርሃል። ንኮክም በብዛት የሚያወጣው ልጣጭ ነው። ማጣበቁ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ዋናው ትርፍ ሌላ አገር ነው። ተሻሻለች በል፣ አሸነፈች አትበል።

ሚዛኑ፦ ጋሼ፣ ልጣጩስ ከግንዱ አይሻልም? ራስዎ «ተሻሻለች» ብለዋል እኮ።

ቆላ ደጋ፦ ሁለቱን እንደ መንታ አትዩአቸው። ጋቦን ከ85 በመቶ በላይ ደን ናት፣ ሕዝቧ 3 ሚሊዮን አይሞላም። ካሜሩን ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው አላት። የያውንዴና የዱዋላ አልጋና በር የሚሠራው ባብዛኛው ጫካ ውስጥ በሰንሰለት መጋዝ ያለ ፈቃድ ከተሰነጠቀ ጣውላ ነው። ወደቡን ብትዘጋው ያንን ምን ይነካዋል? ደግሞ ካሜሩንም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ የግንድ የወጪ ቀረጧ ከ17.5 በመቶ ተነሥቶ በ2023 60 በመቶ ደርሷል። ቀስ በቀስ መዝጋት ነው ይሄ።

ፋይል 7፦ መዝጋት ካላችሁ ኬቫዚንጎን አትርሱ። የከበረ እንጨት ነው፤ ጋቦን መቁረጡንም ከልክላ ነበር። በ2019 ኦዌንዶ ወደብ አካባቢ ኮንቴይነር ሙሉ ተገኘ። ከተያዘ በኋላ ደግሞ ከ350 በላይ ኮንቴይነር ተሰወረ! ኮንቴይነር እኮ ነው፣ መርፌ አይደለም። ምክትል ፕሬዚዳንቱና የደን ሚኒስትሩ ግንቦት ላይ ከሥልጣን ተነሡ። እገዳ ሲጠብቅ የጉቦው ዋጋም አብሮ ይወጣል።

ጠያቂው፦ እኛስ? በ2008 በጥሬ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ጣልን፤ ከመከልከል አይተናነስም። በኋላ ግን የበዓል ማግስት የበግ ቆዳ የሚገዛው ጠፍቶ መንገድ ዳር ሲጣል አይተናል።

እንጨት ቤት፦ ቆዳን ከዛፍ ጋር አታወዳድር። ፋብሪካው እስኪተከል ዛፉ ሥሩ ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ቆዳ ግን ጨው ካላገኘ በማግስቱ ይሸታል፤ ገዢው ሲዘገይ ያለቀለት ነው።

ሚዛኑ፦ ይሄን አላሰብኩትም። ግን ጋሼ፣ ዛፉስ ቆሞ ነው፤ የተቆረጠ ግንድ ዝናብ ላይ ሲከርም እሱም ይነቅዛል።